ቁም ነገር በዋዛ

አንዳንድ ሰዎች ደግ ሰው ማለት የማይስቅ ሰው ይመስላቸዋል። ፊቱን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁሮ፥ ግንባሩን ቋጥሮ፥ ዓይኑን ወደ ምድር ተክሎ የሚሄደውን ሰው ባዩ ጊዜ «ይህስ ጻድቅ ነው» ይላሉ። እንግዲህ ጽድቅ ግንባርን በመቋጠር የሚገኝ ቢሆን፥ ጥርሱን የሚያመው ሰው ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ጠቢቡ ሰሎሞን ታካችን ሰው ሊገሥጽ በፈለገ ጊዜ ወደ ትልቅ መምህር አልላከውም፤ ወደ ገብረ ጉንዳን ላከው እንጂ። አንድ ጎልማሳ ሰው በመንገድ ዳር ተንበርክኮ ከጉንዳን ዘንድ ትምህርት ሲቀበል በዓይነ ልቡናችሁ ብታዩት ትሥቃላችሁ። ጌታችንም በገዛ ዓይኑ ምሰሶ ተጋድሞ ሳለ፥ ከባልንጀራው ዓይን ጉድፍ ሊያወጣ ስለሚደክም ሰው ተናገረ። ምሰሶ ማለት ቤትን ደግፎ የሚያቆመው እንጨት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ይህን የሰሙት ሰዎች ፈገግ ሳይሉ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ፤ ፈገግ ካሉም በኋላ እያንዳንዳቸው የገዛ ዓይናቸውን ሳይዳስሱ አልቀሩም።

በዋዛ ቁም ነገርን ማስተማር ከሚያውቁት ከወንጌላውያን ሰባኪዎች መካከል ቻርልስ ስፐርጀን የሚባለው እንግሊዛዊ እጅግ የታወቀ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1834 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ፥ ኬልቬደን በምትባል መንደር ተወለደ። ከዚህም በኋላ የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። ሕፃን ሳለ ጥቂት ዓመታት በስታምቦርን መንደር ቄስ በነበረው በአያቱ ቤት አደገ። በ1854 ገና የ19 ዓመት ጎልማሳ ሳለ በሎንዶን ከተማ ለአንድ የባፕቲስት ማኅበር መጋቢ ሆነ። ቃሉን ለመስማት የሚመጣው ሕዝብ ስለ በዛ የጸሎቱ ቤት ጠበበ፤ ስለዚህ በ1861 ከ5,000 ሰው በላይ የሚይዝ ትልቅ ቤት ተሠራ። በዚያ ዘመን ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተምረው በገዛ ጉሮሮው ነበረ። በ1867ም አባት ለሌላቸው ልጆች የሚያድጉበትን ቤት መሠረተ።

ይህ ሰው በስብከቱ መካከል ሕዝቡን ያሥቅ ነበረ። ስለዚህም የሚነቅፉት አልታጡም። አንዲት ወይዘሮ በአትሮንስ ላይ ቀልድ ስለ መናገሩ በወቀሰችው ጊዜ፥ ስንቱን ቀልድ ሳይናገር ውጦ እንዳስቀረው ብታውቅ ኖሮ በወቀሳው ፈንታ ታመሰግነው እንደ ነበረ መለሰላት ይባላል። እኔ በዚህ መልስ የማደንቀው ቀልዱን አይደለም፤ መዋጡን ነው። ቀልድ መናገር የሚችል ሰው ብዙ ነው። ቀልዱ እስከ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ሳለ «ይህ ሰው ያዝንበታል» ብሎ መልሶ የሚውጥ ግን ጥቂት ነው።

ስፐርጀን በሚያዘጋጀው ወርኃዊ መጽሔት ውስጥ «ገበሬው ዮሐንስ» የሚባል ሰው እንደሚናገር እያደረገ ምክር ይጽፍ ነበረ። በ1869 ይህ ምክር ተሰብስቦ በመጽሐፍ ታተመ፤ ስፐርጀንም በሕይወቱ ሳለ ከ300,000 በላይ ተሸጠ። በልጅነቱ በስታምቦርን ያውቀው የነበረውን አንድ አራሽ በልቡ ይዞ እንደ ጻፈው ይነገራል። ሊቅ ሰው ሳለ ስለ ምን የገበሬ ልብስ ለበሰ ብትሉ፥ ምክንያቱ ቀላል ነው። እርሱ ሊደርስባቸው የፈለጋቸው ሰዎች ሲያርሱና ሲሸከሙ የሚውሉ፥ ወፍራም መጽሐፍ ሲያዩ እንቅልፍ የሚይዛቸው ናቸው። ሊቅ በሊቅ ቋንቋ ቢናገራቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። ገበሬ በገበሬ ቋንቋ ቢናገራቸው ግን እርፋቸውን አቁመው ይሰማሉ። የእኛም አባቶች ከበሬና ከቀንበር፥ ከምጣድና ከወናፍ ምሳሌ እየወሰዱ ልጆቻቸውን ስላስተማሩ፥ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

በመጽሐፉ ሰነፉን፥ ሰካራሙን፥ ሐሜተኛውን፥ ሁለት ፊት ያለውን ሰው እየተራ ይጎበኛቸዋል። እኔም በእርሱ መንገድ ጥቂት ልሞክር። ሰነፍ ሰው ነገ የሚባለውን ቀን እንደ ርስቱ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን በነገ መሬት ላይ ጤፍ ያጨደ ሰው ከቶ አልታየም። ሐሜተኛም የጎረቤቱን ደጅ ሲጠርግ ይውላል፤ በገዛ ቤቱ ግን ዶሮ ይጭርበታል። ይህ የእኔ ነው፤ የእርሱ ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ከምክሩ ሁሉ ይልቅ ለተማሪዎች የሚስማማው ስለ ዕዳ የጻፈው ነው። በዚህም ምክር ውስጥ በሌላ ሰው ላይ አልሣቀም፤ በራሱ ላይ ሣቀ እንጂ።

ትንሽ ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት በድንጋይ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት እርሳስ አስፈለገው። እርሳስ ቶሎ ቶሎ ይጠፋበት ስለ ነበረ፥ እንዳይቈጡት ፈርቶ ቤተ ሰቦቹን አልጠየቀም። በኪሱም ምንም ገንዘብ አልነበረውም። በዚያ ሰፈር ጥቃቅን ነገር የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ሌሎች ልጆች ከእርስዋ በዱቤ ሲወስዱ አይቶ ነበረ። የልደት በዓልም ቀርቦ ነበረና «በበዓሉ አንድ ሰው ገንዘብ ሳይሰጠኝ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እከፍላለሁ» ብሎ ዐሰበ። ልቡ እየፈራ ገባና እርሳሱን በዱቤ ወሰደ። ዋጋው አንድ ፋርዲንግ ነበረ። ፋርዲንግ ማለት የፔኒ አራተኛ ክፍል የሚሆን የመዳብ ገንዘብ ነው።

አባቱ ይህን ነገር ሰማ። እንዴት እንደ ሰማ ልጁ ከቶ አላወቀም፤ አባቶች እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰሙበት ጆሮ አላቸው። ልጁን ጠርቶ ዕዳ የስርቆት ጎረቤት እንደ ሆነ፥ ዛሬ አንድ ፋርዲንግ የሚበደር ልጅ ነገ መቶ ፓውንድ ተበድሮ ወህኒ እንደሚወርድና ቤተ ሰቡን ሁሉ እንደሚያዋርድ አጥብቆ ገሠጸው። ከዚያም በኋላ ከጦር እንደ ኮበለለ ወታደር ፊት ለፊቱ እየነዳ ወደ ሱቁ ወሰደው። ልጁ በመንገድ ሁሉ ያለቅስ ነበረ፤ የሚያገኘውም ሰው ሁሉ የዕዳውን ነገር ያወቀ ይመስለው ነበረ። ፋርዲንጉ ተከፈለ። ያን ጊዜ ልቡ ከወጥመድ እንዳመለጠ ወፍ ቀለለው።

ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው «አባቱ ትንሹን ነገር እጅግ አከበደው» ይል ይሆናል። እኔም ልጁን በሰው ፊት እያስለቀሰ ባይወስደው እመርጥ ነበር። ስለ ወህኒው የተናገረው ግን ማስፈራሪያ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው በእውነት ይታሰር ነበረ። ታስሮም ሠርቶ ለመክፈል ስለማይችል ዕዳው ባለበት ይቀር ነበረ። ይህ ልማድ በሕግ በብዙው የቀረው በ1869 ነው፤ ይህም የገበሬው ዮሐንስ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት ነው።

ልጁ ያን ቀን አልረሳም። ከፍ ብዬ የተናገርሁላችሁ ትልቁ የጸሎት ቤት ሲሠራ ከ31,000 ፓውንድ በላይ ወጣበት፤ በ1861 በሩ በተከፈተ ጊዜ ግን አንድ ፋርዲንግ ዕዳ አልነበረበትም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ስፐርጀን ይህን ምክር በጻፈ ጊዜ ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው ነበረ። ዕዳ የበላቸውን ብዙ ሰዎች ያውቃል፤ በእነርሱ ላይ ሊቀልድ ይችል ነበረ። እርሱ ግን በእንባ የራሰውን የገዛ ራሱን ፊት አውጥቶ አሳየን። እኛም በዚያ ሕፃን ላይ እንሥቃለን፤ ሣቃችን ሳያልቅም ከባልንጀራችን ተውሰን ያልመለስነው ቢላዋ ትዝ ይለናል። መልካም ዋዛ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ዋጋውን አስቀድሞ ከገዛ ኪሱ የሚከፍለው ተናጋሪው ነው።

በራሱ ላይ የተናገረው ሌላም ታሪክ አለ። በስታምቦርን ሳለ አያቱ፥ ሴቲቱ ማለቴ ነው፥ የአይዛክ ዋትስን መዝሙሮች በቃሉ እንዲያጠና ፈልጋ ለአንድ መዝሙር አንድ ፔኒ እንደምትሰጠው ተስፋ ሰጠችው። ልጁ ግን እንደ ውሃ የሚጠጣው ሆነ። እርስዋም የገንዘቧን መጉደል ባየች ጊዜ ዋጋውን ወደ ግማሽ ፔኒ፥ ኋላም ወደ አንድ ፋርዲንግ ዝቅ አደረገችው። በዚህ ጊዜ ወንዱ አያት ቤቱን አይጥ ስላስቸገረው፥ ለተገደሉ 12 አይጦች አንድ ሺሊንግ እሰጣለሁ አለ። ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው። እስቲ ሒሳቡን በሰሌዳችሁ ላይ ሥሩት። 12 መዝሙር በፋርዲንግ ሲታሰብ 3 ፔኒ ይሆናል፤ 12 አይጥ ግን 12 ፔኒ። እንግዲህ በዚያ ቤት አንድ የሞተ አይጥ የአራት መዝሙር ዋጋ ነበረው። ልጁም ሒሳብ ያውቅ ነበረና መዝሙሩን ትቶ አይጥ ወደ መግደል ሄደ።

ካደገ በኋላ ይህን ነገር እየሣቀ ይናገር ነበረ። ነገር ግን በስብከቱ መካከል ስለ ማናቸውም ነገር ሲናገር የሚስማማ የመዝሙር ቃል ከልቡ ይወጣለት ነበረ፤ ከገደላቸው አይጦች ግን አንድም እንኳ ለስብከት አልረዳውም። የሚያስገኘው ገንዘብ ብዙ መሆኑን አይታችሁ ከትምህርት ይልቅ ሌላውን የምትመርጡ ልጆች ብትኖሩ፥ አልቈጣችሁም። አይጡ ስንት ቀን እንደሚቆይ ብቻ ጠይቁ።

ልጆች ሆይ፥ እስካሁን ስለ መልካም ሣቅ ተናገርሁ። ፌዝ የሚባል ደግሞ አለ፤ እርሱም የሣቅን ልብስ ለብሶ ይመጣል። የዚህን ሰው ኑሮ ስናነብ ሁለቱን ጎን ለጎን እናያቸዋለን።

በ1856 በጥቅምት ወር በ19ኛው ቀን ማታ፥ ትልቁ የጸሎት ቤት ገና ሳይሠራ፥ ስፐርጀን በሎንዶን በሰሪ አትክልት ስፍራ በነበረው በትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ሊሰብክ ቆመ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበረ። ከ10,000 የሚበልጥ ሕዝብ ገብቶ ነበረ፤ ስፍራ ያጣውም በውጭ ቆሞ ነበረ። ጸሎት በተጀመረ ጊዜ በድንገት «እሳት! እሳት!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ሌላውም ቤቱ እየወደቀ ነው ብሎ ጮኸ። እሳት ግን አልነበረም፤ ቤቱም አልወደቀም። ሕዝቡ ደንግጦ ወደ በሩ ሮጠ፤ በደረጃው ላይም እርስ በርሱ ተረጋገጠ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ።

ማን እንደ ጮኸ በእርግጥ አልታወቀም። ምናልባት በተንኮል ነው፤ ምናልባትም «ሲደነግጡ እንይና እንሣቅ» ብሎ ነው። እኔ ይህን ባሰብሁ ቍጥር፥ ያ የጮኸው ሰው በዚያች ሌሊት ወደ ቤቱ ገብቶ እንዴት እንደ ተኛ አስባለሁ። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ «ዋዛ ነው» ቢሉት አይመለስም።

ስፐርጀን በኀዘን ብዛት ታመመ። ወደ አትሮንሱ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ፤ የዚያም ማታ ኀዘን እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ አልጠፋም። የሚያሥቅ ሰው ሁሉ ኀዘን የሌለው አይምሰላችሁ። እርሱ ብዙ ጊዜ በታላቅ የልብ ጭንቀትና በሪህ ሕመም ይሠቃይ ነበረ፤ ሕዝቡን ፈገግ ያሰኘበት እሑድ ብዙውን ጊዜ ለራሱ ከባድ ቀን ነበረ።

በዚያን ጊዜ የሎንዶን ጋዜጦች አልራሩለትም። ቀድሞም ይዘብቱበት ነበረ፤ ከዚያ በኋላም ባሰባቸው። መልኩን አጣምመው የሚያሥቅ ሥዕል ይሥሉ፥ ስብከቱንም ያልተናገረውን እየጨመሩ ያቀልሉበት ነበረ። እርሱና ሚስቱ ምን አደረጉ? ሚስቱ ሱዛና ያን የነቀፋ ወረቀት ሁሉ እየቈረጠች በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ለጠፈችው። ስፐርጀንም በመዝገቡ ላይ «እውነት፥ ፈጠራና ቀልድ» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ጻፈበት። ስድቡን በስድብ አልመለሰም፤ አልዋሸም፤ አላለቀሰምም አልልም፥ በስውር ሳያለቅስ አልቀረምና። ስድቡን ግን እንደ እህል ነፍቶ እውነቱን ለብቻ፥ እብቁን ለብቻ ለየው። በነቀፋው ውስጥ «እውነት» የሚባል ክፍል መተዉን ተመልከቱ። ጠላት በሚናገረው ውስጥ እንኳ እውነት እንደማይታጣ ያውቅ ነበረ።

የእናንተንም ትምህርት ቤት እንመልከት። አንድ አዲስ ልጅ ከሩቅ አገር መጣ እንበል። ፊደል ገና መቍጠሩ ነው፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፥ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይቶ አላወቀም። መምህሩ «ተነሥና አንብብ» ባሉት ጊዜ ተነሥቶ መንተባተብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ ያፌዝበታል፤ ክፍሉም ሁሉ ይሥቃል። ያፌዘው ልጅ ብልኅ የተባለ ይመስለዋል፤ እንደ እኔ ዐሳብ ግን በዚያ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ሥራ የሠራ እርሱ ነው። የሣቀበት ነገር የሌላ ሰው ነው፤ የሌላውን ፊት በዱቤ ወስዶ ሣቀበት፤ ዋጋውን ግን አልከፈለም። ከፋዩ ያ የቆመው ልጅ ነው። ምናልባት በማግሥቱ መጽሐፉን ጥሎ በጎችን ሊጠብቅ ይሄዳል፤ ፊደልም ሳያውቅ ያረጃል። አንድ ፋርዲንግ ያህል የማትሆን ሣቅ የሰው ዕድሜ ሙሉ ዕዳ ታመጣለች።

በዚያው ክፍል ሌላ ልጅ ቢነሣና «እኔም አምና ሐመሩን ሐ አይቼ የበሬ ቀንድ መስሎኝ ሸሽቼ ነበር» ቢል፥ ክፍሉ እንደ ገና ይሥቃል። የሚንተባተበውም ልጅ አብሮ ይሥቃል፤ ላቡንም ጠርጎ ንባቡን ይቀጥላል። ሁለቱም ልጆች ክፍሉን አሥቀዋል፤ የፊተኛው ግን ባልንጀራውን ገፍትሮ ጣለ፥ የኋለኛው ደግፎ አቆመው።

«እንግዲያስ ክፉ የሚሠራውን ሰው ዝም እንበለውን?» የሚለኝ ይኖራል። ዝም አይባልም። ስፐርጀን ራሱ ዝም አላለም፤ ያውም ገና ሕፃን ሳለ። በአያቱ ማኅበር አንድ ምእመን ነበረ፤ ይህም ሰው ወደ ጠላ ቤት ስለሚመላለስ አያቱ እጅግ ያዝን ነበረ። ልጁ የአያቱን ኀዘን ሰምቶ «ያን ሰው እገድለዋለሁ» አለ። አያቱ ደንግጦ «ልጄ፥ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ክፉ ብታደርግ ይይዙሃል» አለው። ልጁም «ክፉ አላደርግም፤ ነገር ግን እገድለዋለሁ» አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውጭ ገብቶ «ገደልሁት፤ ከእንግዲህ ወዲህ አያሳዝንዎትም» አለ። አያቱ «ምን አደረግህ? የት ነበርህ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ክፉ እንዳላደረገና የጌታን ሥራ ሲሠራ እንደ ነበረ ከመናገር በቀር ሌላ ነገር አልገለጠም። ቅኔ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ይፈልጋል፤ አያቱም ሳይፈልግ አልቀረም።

ነገሩ የተገለጠው ያ የተገደለው ሰው በእግሩ ወደ ቄሱ ቤት በመጣ ጊዜ ነው። ዓይኑን ወደ ምድር ጥሎ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። በጠላ ቤቱ ተቀምጦ ሲጠጣ ያ ሕፃን ገብቶ፥ የማኅበር ሰው ሆነህ ከሰካራሞች ጋር ስለ ምን ትቀመጣለህ፥ የመጋቢህንስ ልብ ስለ ምን ትሰብራለህ ብሎ ፊት ለፊት ገሠጸው። ሰውዬው በመጀመሪያ ተቈጣ፤ ነገር ግን ሕፃኑ እውነት እንደ ተናገረ ዐወቀ። ብርጭቆውን ትቶ ወጣ፤ ወደ ስውር ስፍራም ሄዶ በእግዚአብሔር ፊት ተንበረከከ። አሁንም ይቅርታ ሊለምን ወደ መጋቢው መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእምነቱ ጸንቶ ኖረ፤ የሞተውም ሕፃኑ ከገደለው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።